«ስለ አንጎል ተማር» ተብሎ የተፈረደበት ሹፌር

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ጠጥቶ ሲያሽከረክር የተያዘ ሰው ከሚከፍላቸው ብዙ ክፍያዎች አንዷ 250 ዶላር ናት። ከጠበቃው፣ ከመኪና መጎተቻው፣ ከኢንሹራንስ ጭማሪውና መንጃ ፈቃድ ለማስመለስ ከሚከፈለው 500 ዶላር ጎን ስትታይ ትንሽ ናት፤ ከፋዩም ልብ ብሎ አያያትም። የምትሄድበት ቦታ ግን ሊታወቅ ይገባል። ከዚች 250 ዶላር ውስጥ 187 ዶላር ከ50 ሳንቲሙ ጭንቅላታቸው በአደጋ ለተጎዱ ሰዎች አገልግሎት ወደተቋቋመ ልዩ ፈንድ እንዲገባ የክፍለ ግዛቱ ሕግ በቁጥር ደንግጓል። በግድየለሽነት አሽከርክሮ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የጣለ ሰው ደግሞ የሚጣልበት 250 ዶላር በሙሉ ወደዚያው ይሄዳል። ከፍጥነት ወሰን በላይ በሚነዱ ላይ ከምትጨመረው 50 ዶላርም ወደዚሁ ፈንድ የሚገባ ድርሻ አለ። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ጭንቅላት የሚጎዳው በመንገድ ላይ ከሆነ፣ ለማስታመሚያው የሚያዋጡትም በመንገድ ላይ ያጠፉት ይሁኑ።

ገንዘቡን ከፍሎ መገላገል ግን አይቻልም። ዳኛው ከአመክሮው ግዴታዎች ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያዙ ይችላሉ፤ «ብሬይንስ አት ሪስክ» በሚባል ትምህርት ላይ ተገኝቶ ምስክር ወረቀት ማምጣት። ትምህርቱን የሚሰጠው የማሳቹሴትስ የአንጎል ጉዳት ማኅበር ነው። ተማሪዎቹ በፍርድ ቤት የታዘዙ ሹፌሮች ናቸው፤ ጠጥተው የነዱ፣ በፍጥነት የበረሩ፣ በግድየለሽነት የሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋለጡ። ከመምህራኑ ጋር አብሮ የሚቀርበው ደግሞ አንጎሉ ተጎድቶ የተረፈ ሰው ነው፤ ራሱ ይናገራል።

ይህን ትምህርት ከሌሎቹ ጋር ማምታታት ይቀናል። መንዳት የሚማሩበት ትምህርት ቤት አይደለም። ከመጠጥ ሱስ መላቀቂያም አይደለም፤ ለእሱ ማሳቹሴትስ ሌላ መንገድ አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው 16 ሳምንት የሚከታተለው የአልኮል ትምህርት አለ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ደግሞ 14 ቀን ተኝቶ የሚከታተለው ፕሮግራም ሊታዘዝበት ይችላል። የአንጎል ጉዳቱ ትምህርት የሚይዘው ሁለቱ የማይነኩትን ጉዳይ ነው፦ አደጋው ደርሶ ማንም ባይሞትስ?

የመንገድ ደኅንነት ወሬ ሁሌ ሞት ሞት ይሸታል። ቁጥሩም ያስገድዳል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከጠጡ ሹፌሮች ጋር በተያያዘ አደጋ 13,524 ሰው ሞቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉም፣ ፖስተሩም፣ ማስታወቂያውም የተቃኘው በሟች ነው። ከሞት የተረፈው ቁስለኛ «በሕይወት አለ፣ እግዜር ይመስገን» ተብሎ ከሆስፒታል በር ላይ ይረሳል። የዚህ ትምህርት ጭብጥ ያ የተረሳው ሰው ነው።

ለሟች የሚሟገተውና ለቁስለኛ የሚሟገተው ሁለቱ ጎራዎች በአንድ ዓመት መወለዳቸው ይገርማል። በ1980 በካሊፎርኒያ ካንዲ ላይትነር የተባሉ እናት የ13 ዓመት ልጃቸውን የጠጣ ሹፌር ገጭቶ ከገደለባቸው በኋላ ጠጥቶ መንዳትን የሚቃወም የእናቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ማድ» ተብሎ የሚታወቀው ማለት ነው። በዚያው በ1980 በማሳቹሴትስ ፍሬሚንግሃም ማሪሊን ስፒቫክ የተባሉ ሌላ እናት ከባለቤታቸው ጋር በመኖሪያ ቤታቸው ብሔራዊ የጭንቅላት ጉዳት ፋውንዴሽንን መሠረቱ። የእሳቸው ልጅ አልሞተችም። በ1975 በመኪና አደጋ አንጎሏ ክፉኛ ተጎድቶ ተርፋለች። ወላጆቿ ያዩት ነገር ቢኖር፣ ሕይወት ለማዳን ሐኪሙም መሣሪያውም ሞልቶ ሳለ፣ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው ዕድሜ የሚሆን ቦታ ግን አለመኖሩን ነው። ለአረጋውያን የተሠራ ማረፊያ አለ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አለ፤ አንጎሏ ለተጎዳ ኮረዳ የሚሆን የለም። ያ ፋውንዴሽን ከጊዜ በኋላ የአሜሪካ የአንጎል ጉዳት ማኅበር ሆነ፤ ማሳቹሴትስም በ1985 የራሷን የጭንቅላት ጉዳት ፕሮግራም ከፈተች።

የሟች እናት ቁጣ ሕግ አስወጣ፤ የቁስለኛ እናት ድካም ደግሞ አገልግሎት ፈለገ። ፍርድ ቤት የሚያዘው ትምህርት የሁለቱ መገናኛ ይመስለኛል።

ክፍሉ ውስጥ የሚነገረው ነገር ከራስ ቅል ይጀምራል። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚታሰበውን ያህል ጠንካራ አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ሲነካ ለስላሳና ተንቀጥቃጭ ነው። በፈሳሽ ተከብቦ አጥንት ውስጥ ተቀምጧል። የአጥንቱ ውስጠኛ ገጽ በተለይ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ በኩል ሻካራና ስለታም ሸንተረር አለው። መኪናው በድንገት ሲቆም ሰውየው አይቆምም፤ ቀበቶ ሰውየውን ሲያቆመው አንጎሉ አይቆምም። የእናቶቻችን ወተት መናጫ ቅል ሲናጥ ውስጡ ያለው እርጎ ከወዲያ ወዲህ እንደሚላጋ ሁሉ፣ አንጎልም በፊተኛው አጥንት ተላትሞ ወደ ኋላ ይመለስና የኋለኛውን ይመታል። ስለዚህ ግንባሩን የተመታ ሰው ከማጅራቱ በላይም ሊቆስል ይችላል።

ከመላተሙ የሚብሰው መጠምዘዙ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲዞር የአንጎል ድርብርቦች እኩል አይዞሩም፤ በመካከላቸው ያሉት ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉ። አንዳንዶቹ የሚበጠሱት በዚያች ቅጽበት ሳይሆን በሚቀጥሉት ሰዓታትና ቀናት ነው። ይህ ጉዳት በተለመደው የሲቲ ስካን ምርመራ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ «ደም አልፈሰሰም» ይላል፤ ቤተሰብ እልል ይላል፤ ሰውየው ግን ከወር በኋላም ወደ ራሱ አልተመለሰም።

የጠጣ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች የጭንቅላት ጉዳትን ክብደት የሚመዝኑበት በ1974 በስኮትላንድ ግላስጎው የወጣ መለኪያ አላቸው፦ ዓይኑን ይከፍታል ወይ፣ ሲያናግሩት ምን ይመልሳል፣ እጅ እግሩን ያዛል ወይ። ከ3 እስከ 15 ነጥብ ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። አልኮል ይህን ሁሉ ያደበዝዘዋል። ንግግሩ የተሳሰረው ከመጠጡ ነው ወይስ ውስጡ ደም እየፈሰሰ? አንዳንድ የራስ ቅል ውስጥ መድማት ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ሰውየው ከአደጋው በኋላ ተነስቶ ያወራል፣ «ደህና ነኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል፣ ከሰዓታት በኋላ ራሱን ይስታል። «ሰክሮ ነው፣ ተዉት ይተኛበት» የሚለው የእኛም አገር ርኅራኄ እንዲህ ባለ ሌሊት ሰው ይገድላል።

ወደ ቀሪው ዕድሜ እንምጣ። በመኪና አደጋ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የአንጎል የፊተኛው ክፍል ነው፤ ከግንባር ጀርባ ያለው። ሥራው ማመዛዘን፣ ማቀድ፣ ቁጣን መግታት፣ የጀመሩትን መጨረስ ነው። እዚያ የተጎዳ ሰው እግሩ ይራመዳል፣ አፉ ይናገራል፤ ጎረቤት ሲያየው ጤነኛ ነው። ሚስቱ ግን ሌላ ሰው ነው ትላለች። በትንሽ ነገር ይገነፍላል፤ ሰው ፊት የማይባል ይላል፤ ሻይ ጥዶ ይረሳል፤ ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ያመዋል። ኪሱ ውስጥ ማስታወሻ ደብተር አለ፦ «መድኃኒት ጠዋት ወስጃለሁ»፣ «ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ወንድሜ ነው»፣ «ማታ የመጣው ሰው የሥራ ባልደረባዬ ነበር»። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «ዐመሉ ተበላሸ» ወይም «የሰው ዓይን ነው» ይባልና ጸበል ይወሰዳል። ጸበሉ መጽናኛ ይሆነዋል፤ ነገር ግን ሰውየው ቢንቀዠቀዥ ክፋት አለመሆኑን፣ ቁስል መሆኑን የሚነግር ሰው ከአጠገቡ ከሌለ ትዳርም ሥራም እጁ ላይ ይፈርሳል።

ስለዚህ ጉዳይ ቦስተን የራሷ ታሪካዊ ማስረጃ አላት። መስከረም 13 ቀን 1848 በቬርሞንት ካቨንዲሽ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ድንጋይ ያፈነዳ የነበረ ፊኒያስ ጌጅ የተባለ የ25 ዓመት ፎርማን ባሩዱን በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበት። 6 ኪሎ የሚመዝን፣ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት ከጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ጌጅ አልሞተም፤ ያውም ጥቂት ቆይቶ ያወራ ነበር። ያከመው ሐኪም ጆን ሃርሎው ከዓመታት በኋላ በ1868 ለማሳቹሴትስ የሐኪሞች ማኅበር እንዳቀረበው፣ ሰውየው ከአደጋው በፊት ጨዋ፣ ታታሪና ሥራ አዋቂ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተሳዳቢ፣ ግልፍተኛና ባቀደው የማይጸና ሆነ፤ የቀድሞ አሠሪዎቹም አልመለሱትም። የራስ ቅሉና ብረቱ ዛሬም በቦስተን በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል እኔን የበለጠ ይይዘኛል፦ ጌጅ በኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ሹፌር ሆኖ ተሳፋሪ አመላልሷል። ስድስት ፈረስ መግራት፣ ሰዓት ማክበር፣ ተሳፋሪ ማስተናገድ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ከጊዜ ጋር ብዙ ነገር ተመልሶለት እንደነበር የሚያምኑ አጥኚዎች አሉ። በመጨረሻ የሚጥል ሕመም ይዞት በ1860 በሳን ፍራንሲስኮ ሞተ። የአንጎል ጉዳት እንዲህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ጠፋ የተባለው በከፊል ይመለሳል፣ ዳነ የተባለው ከአሥር ዓመት በኋላ ይወድቃል።

ከክፍሉ ትምህርት ዋናው ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠጪው ለአንድ ሌሊት በፈቃዱ የሚያደነዝዘው፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያጣው፣ ያው አንድ የአንጎል ክፍል ነው። አልኮል ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ማመዛዘንን ነው፤ እግር ከመንገዳገዱ፣ ምላስ ከመተሳሰሩ በፊት። ሞቅ ያለው ሰው «ደህና ነኝ፣ ስንት ጊዜ ነድቻለሁ» የሚለው የግድ እየዋሸ አይደለም። ደህንነቱን የሚመዝነው ክፍል ራሱ ነው ቀድሞ የደነዘዘው። ስለዚህ ቁልፉን ማስረከብ መወሰን ያለበት ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ነው።

ቡና ያስለቅቃል የሚለውም ተረት ነው። ጉበት አልኮልን የሚያጣራው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በሰዓት በአማካይ 0.015 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ 0.16 የነበረ ሰው ሁለት ስኒ ጀበና ቡና ጠጥቶ ቢተኛ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲነሳም ገና 0.08 አካባቢ ነው። ቡናው ያደረገው ንቁ ሰካራም ማድረግ ብቻ ነው። የአሜሪካ መለኪያ አንድ ጣሳ ቢራን፣ አንድ ብርጭቆ ወይንን፣ አንድ መለኪያ ውስኪን እኩል 14 ግራም አልኮል ብሎ ይቆጥራል። ቤት የተጣለ ጠጅና የቤት አረቄ ግን ጥንካሬው እንደ ጣይዋና እንደ አውጪዋ ይለያያል፤ በሠርግና በክርስትና ቤት «አንድ ብርሌ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው ስንት እንደጠጣ ራሱም አያውቅም።

ሕጋዊው ጉዞ በአጭሩ እንዲህ ነው። በማሳቹሴትስ የደም አልኮል ወሰኑ 0.08 ነው፤ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ 0.02፤ የጭነት ወይም የአውቶቡስ መኪና ለሚነዳ በፌዴራል ደንብ 0.04። ትንፋሹ ተለክቶ ከወሰኑ ያለፈ መንጃ ፈቃዱ ወዲያው ለ30 ቀን ይታገዳል፤ አልለካም ያለ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለ180 ቀን። ጠጥቶ መንዳት ላይ ሕጉን ያጠበቀው በ2005 የወጣው «የሜላኒ ሕግ» የሚባለው ነው፤ በ2003 ከዚህ በፊትም ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ የነበረ ሹፌር በገደላት የ13 ዓመት ልጅ ስም የተሰየመ። ጉዳዩ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘና ሰው ያልጎዳ ሹፌር ብዙ ጊዜ ማስረጃው በቂ መሆኑን አምኖ፣ የጥፋተኝነት ፍርድ ሳይጻፍበት ጉዳዩ ለአንድ ዓመት ገደማ እንዲንሳፈፍለት ይደረጋል። በዚያ ዓመት በአመክሮ ሠራተኛ ሥር ነው፤ የ16 ሳምንቱን ትምህርት ይከታተላል፤ መንጃ ፈቃዱ ከ45 እስከ 90 ቀን ይታገዳል። «ብሬይንስ አት ሪስክ» የሚመጣው ከነዚህ ጋር፣ በተለይም በግድየለሽነት ማሽከርከር በሚባለው ክስ ላይ፣ ዳኛው ወይም ዐቃቤ ሕጉ በሚያስቀምጡት ግዴታ ነው። ያልተገኘ አመክሮውን እንደጣሰ ይቆጠራል፤ ተንሳፍፎ የነበረው ጉዳይም ተመልሶ ዳኛ ፊት ይወድቃል።

ግድየለሽነት የተባለው መጠጥን ብቻ አይደለም። ማሳቹሴትስ ከየካቲት 2020 ጀምሮ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትን ከልክላለች፤ ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ከቅጣቱ ጋር ትኩረት ስለሚሰርቁ ነገሮች ትምህርት መውሰድ ግድ ይለዋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንዲት ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ የቴሌግራም መልእክት ለማንበብ ከሁለት ሰከንድ በታች የሚፈጅበት ሰው አላውቅም።

በቦስተንና በኬምብሪጅ፣ ከዚያም በላይ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ከወገናችን ብዙው የታክሲ፣ የኡበርና የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው። ለእሱ ነገሩ ከትምህርቱ ሰፋ ይላል። የጭነት መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ጠጥቶ በመንዳት ከተፈረደበት፣ ያሽከረከረው የግል መኪናውን ቢሆን እንኳ፣ ለአንድ ዓመት የንግድ መኪና መንዳት አይችልም፤ በሁለተኛው በመርህ ደረጃ ለዕድሜ ልክ ነው። «ፍርድ ሳይጻፍ ተንሳፈፈልኝ» የሚለውም መጽናኛ በኢሚግሬሽን በኩል አይሠራም፤ ጥፋቱን የሚደግፍ ማስረጃ መኖሩን አምኖ አመክሮ የተቀበለ ሰው በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ እንደተፈረደበት ይታያል። በእርግጥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 ሊዮካል በሚባል ጉዳይ እንደወሰነው፣ በቸልተኝነት ጠጥቶ ነድቶ ሰው ማቁሰል ብቻውን ከአገር የሚያስባርር «የኃይል ወንጀል» አይባልም። ነገር ግን በ2019 የወጣ የኢሚግሬሽን ውሳኔ ሁለትና ከዚያ በላይ እንዲህ ያለ ጥፋት ያለበትን ሰው መልካም ጠባይ የለውም ከሚል ግምት ይጀምራል፤ ያን ማስተባበል የአመልካቹ ዕዳ ነው። ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ፓዲላ በሚባል ሰው ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ስለ ኢሚግሬሽን መዘዝ ደንበኛውን የመምከር ግዴታ አለበት ብሏል፤ ፓዲላ ራሱም የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ስለዚህ «ትንሽ ክፍል ተቀምጠህ ያልፋል» የሚል ጠበቃ ሲያጋጥም፣ ከመፈረም በፊት ስለ ኢሚግሬሽን መዘዙ መጠየቅ ነው።

ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ የወዳጆቹ ስሜትና የአጥኚዎቹ ቁጥር አይስማሙም። ስለ አንጎል ጉዳት ትምህርቱ ለብቻው ሳይሆን፣ ለቅርብ ዘመዱ፣ ማለትም ልጅ የሞተባቸው ወላጆችና የቆሰሉ ሰዎች ለጠጪ ሹፌሮች ለሚናገሩበት መድረክ፣ በኒው ሜክሲኮ ጥሩ ጥናቶች ተደርገዋል። ሹፌሮቹን በዕጣ ከፍለው፣ አንዱን ወገን ወደ ተለመደው ትምህርት ብቻ፣ ሌላውን ወደ ትምህርቱና ወደ መድረኩ ላኩ። ተመልሶ በመያዝ ረገድ መድረኩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። በክፍሉ ውስጥ ያለቀሰ ሁሉ ከአንድ ዓመት በኋላ እምባውን ያስታውሳል ማለት አይደለም። አንዳንዱም ውርደት ሲሰማው ይበልጥ ሊጠጣ ይችላል።

በአንጻሩ ያለ ምንም ስብከት የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ ሹፌሩ ተንፍሶበት አልኮል ካገኘ ሞተሩን የማያስነሳ። በመኪና ላይ እስካለ ድረስ ዳግም መያዝን በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሲነቀል ግን ጥቅሙ አብሮ ይነቀላል። ማሳቹሴትስ ይህን በሜላኒ ሕግ ለሁለተኛ ጊዜ ለተያዙ ግዴታ አድርጋ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተይዘው በተገደበ ሰዓት መንዳት ለሚፈቀድላቸው አስፍታዋለች። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት መሣሪያውን እመርጣለሁ። ትምህርቱ «ዳግም እንዳይጠጣ ያደርጋል» ተብሎ መሸጥ የለበትም፤ ባይሆን የሠራውን ጥፋት በስሙ እንዲያውቀው ያደርጋል ቢባል ይበቃል። አሥራ ስድስት ሳምንት ስለ አልኮል ተምሮ፣ አልኮሉ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ሳያይ የሚወጣ ሰው ትምህርቱ ጎደሎ ነው።

መድረኩ ለሰሚው ያለው ጥቅም እንዲህ ቢያጠራጥርም፣ በዚያው በተጎጂዎች መድረክ ስለሚናገሩት የተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ መናገሩ ጠቅሞናል እንዳሉ ይገልጻሉ። ለአንጎል ጉዳተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራውን ያጣ፣ ወዳጅ የሸሸው፣ አረፍተ ነገር ጀምሮ የሚጠፋበት ሰው፣ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ የራሱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይናገራል፤ ሰሚዎቹም ለመስማት በፍርድ ቤት የታዘዙ ናቸው፣ አያቋርጡትም። ቤቱ ሲገባ ይደክመዋል፤ ለብዙዎቹ አንድ ሰዓት ማሰብ ለሌላ ሰው የአንድ ቀን ጉልበት ሥራ ያህል ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ከጉዳቱ በኋላ የሚጥል ሕመም ይዟቸዋል፤ በማሳቹሴትስ ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ስድስት ወር ሙሉ ሳይወድቅ ካልቆየ መንዳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ መንጃ ፈቃዳቸው በ45 ቀን ሊመለስላቸው ለሚችል ሰዎች የሚናገረው ሰው፣ እዚያ የደረሰው ሌላ ሰው በመኪና አምጥቶት ሊሆን ይችላል።